የፍኖተ ሰላሙ የጤፍ ማበጠሪያ፦ ኮፒውንም ኦርጅናሉንም በገንዘቤ ገዝቼ አየሁት

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር፤ አለዚያ «ስለ ወንፊት ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፋት» ትሉኛላችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሁለት ሆቴሎችና ለጥቂት ቤተሰቦች አስረክባለሁ። ሁለት ምጣድ አለኝ፣ አንዲት የምታግዘኝ ልጅ አለችኝ፣ በቃ። መብራት ሲጠፋ በእንጨት እጋግራለሁ፤ ጤፍ ሲወደድ ዋጋ እጨምራለሁ። እንጀራ ውስጥ አሸዋ ሲገኝ ግን መላ የለውም፤ ደንበኛው ይሄዳል። አምና አንዱ ደውሎ «እንግዳዬ ሲያኝክ ጥርሱ ተሸረፈ» አለኝ። ይሸረፍ አይሸረፍ እሱ ያውቃል፤ የዚያን ሳምንት ሒሳብ ግን ሳይከፍለኝ ቀረ።

ጤፍ ማበጠር ምን ማለት እንደሆነ ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። ፍሬው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ የስንዴ ፍሬ የሚመዝነውን ለመመዘን 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ይፈልጋል። አውድማው በእበት ቢለቀለቅም መሬት መሬት ነው፤ በሬ ሲያበራየው አፈሩም አብሮ ይነሳል። ስንዴ ቢሆን ነፋሱ እብቁን ወስዶ ፍሬውን ይተውልሃል። ጤፍ ላይ ግን ነፋሱ ትንሽ ከበረታ ፍሬውም አብሮ ይነጉዳል፤ ከላላ ደግሞ እብቁ እዚያው ይቀራል። እኔና ልጅቷ አንድ ኩንታል በሰፌድና በወንፊት ለመጨረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅብን ነበር። የወገቡን ነገር ተዉት።

ስለ ማሽኑ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ነው። ከደምበጫ የመጡ አንዲት እናት «ፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ ሠርቷል፣ መዘውሯን ማዞር ብቻ ነው፣ ጤፉ ጥርት ብሎ ይወርዳል» አሉ። ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩ። ዋጋው 18,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። «ግን ወረፋ አለ እትዬ፣ 3 ወር ትጠብቂያለሽ» አለኝ። መኸር ገብቶ ጤፍ በሚረክስበት ሰዓት 3 ወር! እኔ የዓመቱን ጤፍ የምሸምተው ያኔ ነው። ቅድሚያውን ላኩለት፤ ልቤ ግን አልረጋም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ብረታ ብረት ቤት በር ላይ ያው ማሽን ቆሞ አየሁ። ያው አረንጓዴ ቀለም፣ ያው መዘውር፣ ያው ቁመት። 12,500 ብር፣ ዛሬውኑ ጭኖ ለመሄድ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ደብረ ማርቆስ ይሁን ሌላ ከተማም አልናገርም። «የፍኖተ ሰላሙ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ከሱ ይሻላል፣ የሱን ስህተት አርመንለት ነው» አለኝ ሰውየው። ይቺን አባባል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ገዛሁት። ስስት ነው፣ እሺ።

የመጀመሪያው ቀን አሁንም ትዝ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ልጅቷ መዘውሩን ያዘች፣ እኔ ከላይ ጤፍ አፈሰስኩ። ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሄደ። ልጅቷ ሞቅ ሲላት ፈጠን አደረገችው። ጤፉ በወንፊቱ መውረዱን ትቶ በአየር ሄደ፤ የግቢው ግድግዳ ጤፍ ለበሰ፣ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ተሰበሰበ። «ቀስ አድርጊው» አልኳት። ቀስ ስታደርገው እብቁ ከነአቧራው ከጤፉ ጋር ወረደ። ፈጠን ስትል ይበራል፣ ዘገየት ስትል አይለይም፤ ልኩ መሐል ላይ የሆነች ፀጉር የምታህል ቦታ ናት፣ እሷን ደግሞ የሰው ክንድ ለግማሽ ሰዓት ሊይዛት አይችልም። ያን ቀን ከ50 ኪሎው ስንቱ እንደበረረ አልመዘንኩትም። መመዘንም አልፈለግሁም።

ተመልሼ ሄድኩ። «አያያዙን አላወቃችሁበትም» ተባልኩ። ደረሰኝ የለኝ፣ ምን ልበል።

ኦርጅናሉ የመጣው በ3 ወር ሳይሆን በ4 ወር ከሳምንት ነው። መንገድ ተዘግቶ ነበር ይባላል፤ እሱ እውነት ነው፣ እኛ አገር የሚጠፋ ሰበብ አይደለም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ደውሎ «ዘግይቻለሁ» አላለኝም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። ሰሪው ራሱ በአይሱዙ ጭኖ፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ በጋሪ አምጥቶ ግቢዬ አወረደው። 27 ወይም 28 ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁ ጥቁር ዘይት የጠገበ። ከጥግ የቆመውን ኮፒ አየና ዝም አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎኑን በጣቱ ዳሰሰው።

«ዘግቷታል» አለ።

ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አቁመን ያሳየኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚችው ቁራጭ ላሜራ የተነሳ ነው። ማሽኑ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ከላይ ማፍሰሻ አለው። ሥሩ ሁለት ወንፊት፤ የላይኛው ገለባና ጠጠር ያስቀራል፣ የታችኛው ጤፉን ይዞ ደቃቁን አፈር ያወርዳል። መዘውሩ በቺንጋ ማራገቢያውን ያዞራል፣ በሌላው ጫፍ ወንፊቶቹን ይወዘውዛል። ሞተር የለውም። ከማራገቢያው ሳጥን ጎን መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋ ላይ አንድ ስስ ላሜራ በሽቦ ተንጠልጥላለች። ሲዞር ትንጫጫለች። የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ክዳኑ ከፍ ዝቅ እንደሚለው ማለት ነው። ሥራዋም ያው ነው። ክንድ ሲፈጥን የተረፈው ነፋስ ላሜራዋን ገፍቶ በጎን ይወጣል፤ ሲዘገይ ላሜራዋ ትመለስና ትዘጋለች። ጤፉ ጋ የሚደርሰው ነፋስ ብዙም ሳይለዋወጥ ይቆያል።

ኮፒ የሠራው ሰውዬ ላሜራዋን በብየዳ ድርግም አድርጎ ዘግቷታል። «አርመንለታል» ያለው ይቺን ነው! ስትንጫጫ ብሎኗ የላላ መስላው።

ልጁ ላሜራዋን እንዴት እንዳገኛት ስጠይቀው አፈር አለ። አላወቃትም ነበር። አራት ማሽን ሠርቶ አራቱም ጤፍ ሲያበሩበት ኖሯል፤ ማራገቢያውን አሳነሰ፣ ፑሊውን ቀየረ፣ የወንፊቱን ዘንበል አስተካከለ። አምስተኛው ላይ ላሜራ አጠረው። ጎኑ ክፍት እንዳይሆን የተረፈች ቁራጭ በሽቦ አንጠልጥሎ «ነገ ገዝቼ እበይደዋለሁ» ብሎ ሞከረው። ሠራ! በአዲሱ ፑሊ ነው ብሎ ደስ አለው። በማግስቱ ላሜራ ገዝቶ፣ ጎኑን አሳምሮ በይዶ፣ ቀለም ቀባው። ጤፉ እንደ ድሮው በረረ። ሁለት ቀን ሙሉ ፑሊ ሲፈታና ሲገጥም ቆይቶ፣ እናቱ ቡና እያፈሉ «ትናንትና ስትንጫጫ የነበረችው ዛሬ ለምን ዝም አለች?» አሉት። ቀጥለውም፣ አውድማ ላይ ነፋሱ ሲበረታ እሳቸው ላይዳቸውን አውርደው ጋብ እስኪል እንደሚጠብቁ ነገሩት። ማሽኑ ግን የሚጠብቅበት ነገር አልነበረውም። ያን ጊዜ ነው መዶሻ አንስቶ ቀለም የተቀባውን ጎን የነቀለው።

ሰው ስለ ፈጠራ ሲያወራ አንዱ «በአጋጣሚ ነው» ይላል፣ ሌላው «በልፋት ነው» ይላል። ይህ ልጅ አጋጣሚዋን ያገኘው አምስተኛው ማሽን ላይ ነው። የመጀመሪያው ላይ ብትመጣ ኖሮ፣ አራት ጊዜ ጤፍ ሲበርበት አላየምና ምን እንዳዳነው አይገባውም ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ያንን ውሃ ስንቱ ሰው አይቶታል? እሱ ግን ቢልሃርዚያን በቀንድ አውጣ በኩል የሚያጠና ሰው ስለነበር የሞተ ቀንድ አውጣ ዓይኑን ያዘው። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ኋላ ደግሞ አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በሌላ የውሃ ተባይ ላይ ተጠቅሞ በራሱ ስም ፓተንት፣ ማለትም ሌላው እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት፣ አወጣበት። አጣቢዎቹ ግን ሳሙናቸው ሳሙና ሆኖ ቀረ።

የስዊዙ ሰውዬም አለ፤ ከውሻው ጋር ሲዞር ውሎ ጨጎጎት ሱሪውም ውሻውም ላይ ተለጥፎ ሲመለስ፣ እንደኛ እየተራገመ በመልቀም ፋንታ በማጉሊያ አየውና ጫማና ጃኬት ላይ ያለውን፣ ሲላቀቅ ጥርርር የሚለውን መለጠፊያ ሠራ። ቬልክሮ የሚባለው። እኛ ጎጃም ከጨጎጎት ጋር ስንት ዘመን ኖረናል።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ታዲያ ይህ ሰውዬ ሲገለብጥህ ዝም አልክ?» አልኩት። ከቦርሳው በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጣ። የግልጋሎት ሞዴል የምስክር ወረቀት ይባላል፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ፓተንት ብቻ ነበር የማውቀው፣ እሱንም በስሙ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ፈጠራንና አነስተኛ ፈጠራን ለይቶ ያያል። ለፓተንት ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ መሆን አለበት፣ በሙያው ላለ ሰው ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ ብልጭ የማይል መሆን አለበት። ካገኘህ 15 ዓመት ያንተ ነው፤ እዚሁ አገር ውስጥ እየሠራህበት ከሆነ 5 ዓመት ይጨመርልሃል። አነስተኛ ፈጠራ ላይ መሥፈርቱ ላላ ይላል። አገር ውስጥ አዲስ ይሁን፣ ሥራ ላይ የሚውል ይሁን፣ በቃ። ዕድሜውም በዚያው ልክ ነው፦ 5 ዓመት፣ ሲታደስ ሌላ 5። ለልጁ ላሜራ ይህኛው ይበቃል ባይ ነኝ።

የገረመኝ መጀመሪያ ሲያመለክት የሠራው ስህተት ነው። «የጤፍ ማበጠሪያ ማሽን የኔ ነው» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ማራገቢያና ወንፊት እኮ የማንም አይደለም! መዘውር ያለው ማበጠሪያ ቻይናዎች ከ1,800 ዓመት በፊት ነበራቸው። ሁሉን የኔ ያለ ሁሉን ያጣል። አዲስ አበባ ያገኘው አንድ የሚያውቅ ሰው ነው «አንተ የጨመርከው ምንድነው? እሱን ብቻ እጠር» ያለው። ማመልከቻው ላይ ዋናው ቦታ እሱ ነው፤ መግለጫና ስዕል ታቀርባለህ፣ ከዚያ የኔ የምትለውን ድንበር በቃላት ታሰምራለህ። ድንበሩን ሰፋ ካደረግከው ሰው መሬት ትገባና ውድቅ ይሆንብሃል፣ ካጠበብከው ጎረቤት በዳር ይገባብሃል። እርሻ ያለው ሰው ይገባዋል።

ከዚያ በፊት የደከመውን ድካም ሰምቼ አዘንኩለት። አንዱ «ውልና ማስረጃ ሄደህ አስፈርም፣ ይበቃል» ብሎት አስፈርሞ መጣ። ያ ወረቀት በዚያ ቀን መፈረምህን ይመሰክራል እንጂ ማንንም ከመሥራት አይከለክልም። ሌላው፣ ጉዳይ አስፈጽማለሁ ባይ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የንግድ ፈቃድ ይዞለት መጣ። የንግድ ፈቃድ! በመጨረሻ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ራሱ አዲስ አበባ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደ። አንድ ያተረፈው ነገር ቢኖር ማሽኑን ቲክቶክ ላይ ከመልቀቁ በፊት ማመልከቱ ነው። አዋጁ የፓተንት አመልካች ራሱ ላወጣው ነገር የ12 ወር ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ ግን አዲስነቱ አለቀ፣ የገዛ ቪዲዮህ ይመሰክርብሃል።

ይህን ስሰማ አጎቴ ትዝ አሉኝ፤ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ናቸው። ትናንት የተቀኙትን ዛሬ ቢደግሙት ያፍራሉ። የሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማለትማ ነውር ነው፤ የሰሙት ደግሞ ሁሉም ያውቁታል። ባለሥልጣን የለ፣ ምስክር ወረቀት የለ፤ ጉባኤው ራሱ ነው መዝገቡ። ብረት ላይ ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ የለንም። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያልን፣ ዓይኑን እየፈራን ነው የኖርነው። ባለ ቅኔውን ስሙን ጠርተን እናወድሰዋለን፣ ማረሻችንን ማን እንደሠራው ግን አንጠይቅም። እንዲህ ባለ አገር ኮፒ አድራጊ ለምን ይፈር?

«ምስጢር አድርገህ ብትይዘውስ?» አልኩት። የአማቴ የአረቄ ጥንሰሳ ማንም አያውቀውም፣ እኔም ጭምር፤ ኮካ ኮላም ቅመሙን የያዘው በምስጢር ነው ይባላል፣ ለዚህ ነው ጊዜው የማያልቅበት። ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ላሜራዋ እኮ ውጭ ነው የተንጠለጠለችው።» ልክ ነው። ከጠርሙስ ውጭ የሚታይ ነገር ምስጢር አይሆንም። ፓተንት ደግሞ የምስጢር ተቃራኒ ነው፦ አሠራርህን ለሕዝብ ትገልጣለህ፣ በምላሹ ለተወሰነ ዓመት ብቻህን ትሠራለህ።

እና ወረቀቱ ካለ ለምን አይከስም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ መራራ የሚሆነው። ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዞሮ ኮፒ አይለቅምልህም። ባለመብቱ ራሱ ነው ከሶ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ ጠበቃ ይዞ የሚሟገተው። ደግሞ አስቡት፦ የልጁ ድንበር ላሜራዋ ናት። ኮፒው ላሜራዋን በይዶ ዘግቷል! ተከሳሹ «የሱን ፈጠራ አልተጠቀምኩም» ቢልስ? አባባሉ ያናድዳል፣ ግን ቢፈርዱለት አይገርመኝም። ሰረቀ ለመባል እንኳ የሚሠራውን ክፍል መስረቅ ነበረበት።

ልጁን የምወቅሰው እዚህ ጋ ነው፤ ይህን ሲያነብ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። የኮፒውን ገበያ የከፈተው የራሱ ወረፋ ነው። እኔ ሌባ ፈልጌ አልሄድኩም፣ 3 ወር መጠበቅ አቅቶኝ ነው። የጥጥ ፍሬ መፈልፈያ የሠራው አሜሪካዊ ኤሊ ዊትኒም እንዲሁ ሆኗል። እናቶቻችን በመዳመጫ አንድ በአንድ የሚያወጡትን ፍሬ በመዘውር የሚያወጣ ማሽን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1794 ፓተንት አገኘ። ማሽኑን ለገበሬው በመሸጥ ፋንታ ግን እሱና ሸሪኩ «ጥጣችሁን እኛ እንፈልፍላለን፣ ከ5 እጅ 2ቱን እንወስዳለን» አሉ። ገበሬው በዚህ ዋጋ አልተስማማም፣ ማሽኑም ለሁሉ የሚደርስ አልነበረም፤ ያገሩ ቀጥቃጭ ሁሉ አይቶ ሠራው። ዊትኒ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዓመታት ሄዱ፣ በመጨረሻ ሲረታ የፓተንቱ ዕድሜ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ብቻውን በወር ሁለት ማሽን ነው የሚያወጣው። ጎጃም ግን ጤፍ ያለው ከደጀን እስከ ሜጫ ነው። ለሌላ ብረታ ብረት ቤት በክፍያ ፈቅዶ ማሠራት ይችላል፤ ወረቀቱ ይህንንም መብት ይሰጠዋል። «አያበላሹብኝም?» አለኝ። ይኸው ሳትፈቅድም አበላሹት።

የፈረንጆቹን የጤፍ ፓተንት ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም «ጤፍን ወሰዱት» እያለ የሚያወራ ሰው እዚህ ብዙ ነው። ጤፉን ራሱን አይደለም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር በጤፍ ለመሥራት ተዋዋለ፤ በጎን ደግሞ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተመዘገበ፣ 2007 ላይ ጸደቀ። ኩባንያው 2009 ላይ ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ይህ ፈጠራ አይባልም» ብሎ የኔዘርላንዱን ውድቅ አደረገው። ያስወደቀው ደግሞ እኛ አይደለንም፤ ባለ ፓተንቱ አንድ ሌላ የአገሩን ድርጅት ሲከስ ተከሳሹ ተከራክሮ ነው። ሌላም ነገር ተማርኩበት፦ ፓተንት በየአገሩ ነው። የሄግ ፍርድ ከኔዘርላንድ አያልፍም፤ የዚህ ልጅ ወረቀትም ከሞያሌ ወዲያ ወረቀት ብቻ ነው። «የዓለም ፓተንት አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት።

እሺ፣ ማሽኑ። ኦርጅናሉን አሁን 5 ወር ሠርቼበታለሁ። እኔና ልጅቷ እየተፈራረቅን አንድ ኩንታል በ2 ሰዓት ተኩል እንጨርሳለን። የሚበረው ጤፍ ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው፤ እሱንም ከታች ሸራ አንጥፌ እሰበስበዋለሁ። ልጅቷ ሞቅ ብሏት ስታፈጥን ላሜራዋ ትንጫጫለች፣ ጤፉ ግን ንቅንቅ አይልም። ድምፁ መጀመሪያ ያሰለቻል፤ አሁን ድምፁ ሲጠፋ ነው የምደነግጠው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ከጤፉ ጋር እኩል የሆነ አሸዋ አይለይም። ሰሪው ይለያል አላለም፣ ግን እኔ እስክጠይቀው ድረስ አልነገረኝም። ያንን አሁንም በሰፌድ አንገዋልላለሁ፤ የቀረኝ ድካም ይኸው ነው። ከባድ ነው፣ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ እግሩ ላይ ጎማ ቢኖረው ምን ነበረበት? በሦስተኛው ወር የመዘውሩ ኩሽኔታ ጮኸብኝ። በስልክ «እዚያው ገበያ ይገኛል» ብሎ ቁጥሩን ነገረኝ፣ ተገኘም፤ ይህን ወድጄለታለሁ፣ መለዋወጫው የትም የሚገኝ እንዲሆን አስቦበታል። የታችኛው ወንፊት ግን ከእሱ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ሲቀደድ ወረፋ አለ። አሁንም ወረፋ! ስትገዙ ለመለዋወጫ ወንፊትም አብራችሁ ክፈሉ። ደረሰኝም ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁት አይሰጥም።

18,000ው ይገባዋል ወይ ካላችሁኝ፣ ጤፍ ለሚነግድና እንጀራ ለሚጋግር ይገባዋል። ለቤት ፍጆታ በዓመት ሁለት ኩንታል ለምትገዙ ግን አይገባውም፤ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ተከራዩ፣ እኔም አከራያለሁ። ስትገዙ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም አይታችሁ አትታለሉ። ጎኑን ዳስሱ፣ ላሜራዋን በጣታችሁ ከፍ አድርጉ። በራሷ ተመልሳ ካልዘጋች ጥላችሁት ሂዱ። ልጁ የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግብም ነግሬዋለሁ፤ 7 ዓመት ይቆያል፣ እየታደሰ ይቀጥላል፣ ገዢም ከላሜራ ይልቅ ስም ይለያል። «አስብበታለሁ» አለኝ። እንደ ወረፋው እንዳይሆን።

ኮፒውን ምን አደረግሽው ለሚለኝ፦ የተበየደውን ቀዳዳ ላስቆርጠው ፈልጌ ልጁን አስፈቀድኩት። «ላንቺ ቤት ከሆነ ቁረጪው፣ ለሰው እንዳትሠሪ» ብሎ ላሜራዋን በ400 ብር ሸጠልኝ። ቆረጥነው፣ ገጠምነው፣ ከበፊቱ ይሻላል፤ ግን የማራገቢያው ሳጥን ልኩ ስላልሆነ ጤፍ አላምነውም። አማቴ ለጠላ የሚሆን ገብስ አምጥተው ሞከሩት። ገብስ ከባድ ነው፣ ነፋስ አይወስደውም፤ ፏ አድርጎ አበጠረላቸው። ወሰዱት።